አብሳሪዋና የጋሽ ክሬን ሆድ

የሰው ሆድ ውስጥ ያለውን ማን ያውቃል ይባላል። እሷ ታውቃለች፤ ሥራዋ ነው። ሃያ ምናምን ዓመት ሙሉ በአንድ ጤና ጣቢያ፣ ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ከአልትራሳውንድ ማሽኗ አጠገብ ተቀምጣ የነፍሰ ጡሮችን ሆድ ስታይ ኖራለች። «የአብሳሪዋ ክፍል የት ነው?» ብሎ ለሚጠይቅ ሰው ዘበኛው ቀና እንኳ ሳይል በአገጩ ይጠቁማል። ትክክለኛ ስሟን የሚያውቀው ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ቅጽል ስሙ የወጣላት በገዛ አፏ ነው። ገና የጽንሱ ልብ ብልጭ ድርግም ሲል ስታይ ስክሪኑን ወደ እናትየዋ ታዞርና «እንኳን ደስ ያለሽ!» ትላለች። ማለት ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር፤ ትጮኻለች። ኮሪደር ላይ የተቀመጡ ባሎች ሁሉ የእነሱ እየመሰላቸው ብድግ ይላሉ። አንድ ጊዜ የአዋላጆች ኃላፊዋ «ሲስተር፣ ይሄ እኮ ጤና ጣቢያ ነው እንጂ ሰርግ ቤት አይደለም» ብትላት፣ «ታዲያ ሙሾ ላውርድ?» ብላ መለሰችላት፤ ከዚያ ወዲያ የተናገራት የለም። ለራሷ ይህን ቃል የሚላት ሳታገኝ ሃምሳን ተሻግራለች፤ አልወለደችም። አልፎ አልፎ ሆድ ይብሳታል፣ እሷም ሰው ናት። በማግስቱ ግን የሰው ደስታ እንደገና ያሰክራታል። እንዲህ ያለ ሰው አለ፤ በሰው ድግስ የሚጠግብ።

ታዲያ ከዕለታት በአንዱ የጤና ጣቢያው ዶክተር ጠራትና አዲስ ሥራ ሰጣት። ከእንግዲህ በሳምንት ሁለት ጠዋት ማሽኑ የሽማግሌዎች ነው፤ ዕድሜያቸው ከስልሳ አምስት ያለፈ ወንዶች በነጻ እየመጡ ሆዳቸውን ይታያሉ።

«ወንዶች?» አለች አብሳሪዋ። «ምን ሊገኝባቸው?»

ዶክተሩ ሳቀና ወረቀት ላይ እየሣለ አስረዳት። ከልብ የሚነሳ አንድ ትልቅ ደም ቅዳ አለ፤ አኦርታ ይባላል። በደረት አልፎ፣ አከርካሪን ተደግፎ በሆድ ውስጥ ይወርድና እምብርት አካባቢ ሲደርስ ለሁለት ተከፍሎ ወደ እግሮች ይሄዳል። ሰው ሲያረጅ፣ በተለይ ወንድ ከሆነ፣ ይልቁንም ሲጋራ ሲያጨስ የኖረ ከሆነ፣ የቧንቧው ግድግዳ ይሳሳና እንደ አሮጌ የብስክሌት ጎማ ከመነዳሪ አንድ ቦታ ላይ ይነፋል። አያምም፣ አያሳክክም፣ ድምፅ የለውም። ሰውየው ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይስቃል፤ ሆዱ ውስጥ ግን ቦምብ ታቅፎ ይዞራል። የፈነዳ ዕለት ሆስፒታል በሕይወት የሚደርሰው ጥቂቱ ነው። ሳይፈነዳ ከታየ ግን ይጠገናል።

«ማየቱ ለአንቺ ቀላል ነው» አላት። «ከባዱ ሌላ ነው። የሆነ ነገር ስታዪ ፊትሽ እንዳይለወጥ፣ ምላስሽም እንዳይቀድምሽ። እኔን ጥሪኝ፤ አብረን ተረጋግተን እንነግራቸዋለን።»

«የምላሴን ነገር ለእኔ ተወው» አለች በኩራት። ሰው የገዛ ምላሱን ያህል የማያውቀው ጎረቤት የለውም።

ሽማግሌዎቹ መጡ። ክፍሏን ሲያዩ ምን ያህል እንደተሳቀቁ መገመት አያቅትም፤ ግድግዳው ሁሉ የሕፃናት ፎቶ ነው፣ ከአልጋው በላይ ደግሞ ስለ ጡት ማጥባት የሚያስረዳ ትልቅ ሥዕል ተለጥፏል። አንድ ጡረተኛ ዳኛ ሸሚዛቸውን እስከ ደረታቸው ገልጠው፣ ጣሪያ ጣሪያ እያዩ፣ «መንታ ከሆነ ለባለቤቴ እንዳትነግሪብኝ፤ ባለፈው አስጠንቅቃኛለች» አሏት። ሆዳቸው ላይ የተቀባው ጄል ሲቀዘቅዛቸው ግን «በሕግ አምላክ!» ብለው ከአልጋው ሊዘሉ ምንም አልቀራቸውም። ሁሉም ሲገቡ እንደ ሙሽራ እያፈሩ፣ ሲወጡ ፈተና እንዳለፈ ተማሪ እየፈነደቁ ነው። እሷም ወደደቻቸው። እነዚህ ቤታቸው ውስጥ የማይደፈሩ ሰዎች እዚህ ሲጋደሙ ሁሉም የእናታቸው ልጆች ይሆናሉ።

ግን ምንም አልተገኘም። የሁሉም ቧንቧ ቀጥ ያለ፣ ከአውራ ጣት ብዙ የማይወፍር፣ ጤነኛ ሆኖ ሰነበተ። «ደህና ነዎት ጋሼ፣ ይሂዱ» እያለች ጄላቸውን ጠርጋ መሸኘት ሥራዋ ሆነ። በሆዷ ግን አንድ እንኳ ባገኝ እያለች ትመኝ ነበር፤ ወዲያውም በምኞቷ ታፍራለች። ሽማግሌ ታሞ ይገኝልኝ የሚል ምን ዓይነት ሰው ነው? ሆኖም ዓይኗ ፍለጋውን አልተወም።

ጋሽ ክሬን በአንድ ብርዳማ ጠዋት መጡ። መጡ ከማለት ወረሩት ማለት ይሻላል። ዕድሜ ልካቸውን ጫኝና አውራጅ ነበሩ፤ ሰባን ቢያልፉም ትከሻቸው በር ይሞላል። ስሙ የወጣላቸው የፋብሪካው ክሬን በተበላሸ ቀን አንድ የሞተር ሣጥን ብቻቸውን አወረዱ ተብሎ ነው፤ እውነት ይሁን ውሸት የሚያውቁት እሳቸውና ሣጥኑ ናቸው። ተራ ሲጠብቁ ድምፃቸው ከኮሪደሩ ሁሉ በላይ ይሰማ ነበር። ጉዳያቸውን ያልሰማ አልነበረም። አንዲት ሴት ልጃቸው ዛሬ ቤት ትቀይራለች። ከሁለተኛ ፎቅ የሚወርድ አንድ ቁም ሣጥን አለ፤ የሟች ሚስታቸው ነው። ያን ጊዜ ወደ ፎቁ ያወጡት ራሳቸው ስለሆኑ ሌላ ሰው እንዲነካው አይሹም። ልጅቷ ደግሞ ካልተመረመርክ ጫፉን አትነካም ብላ ምላለች። በመጨረሻ ተስማሙ፤ ምርመራው ደህና ነህ ካለ ያወርዳሉ፣ ካላለ ወንበር ላይ ተቀምጠው ትእዛዝ ይሰጣሉ።

«እኔ? ወንበር ላይ?» ሲሉ ወረፋው ሁሉ ሳቀ።

ገብተው ጃኬታቸውን በሩ ጀርባ ላይ ሰቀሉና ተጋደሙ፤ አልጋው አቃሰተ። ጄሉን ቀብታ መመርመሪያውን ከደረታቸው ሥር አሳረፈችና ቁልቁል ወደ እምብርታቸው ጎተተችው። ቧንቧው ታየ፤ ቀጥ ያለ ነው። ወረድ አለች። ትንሽ ሰፋ። ደግሞ ወረድ አለች። አሁንም ሰፋ። ከዚያ ስክሪኑ መሐል አንድ ክብ ጥቁር ነገር ድንገት ብቅ አለ፤ ብርቱካን የሚያክል! ደግሞም ይመታል፤ ድው፣ ድው፣ ድው።

የእሷም ልብ አብሮ ዘለለ። ከስንት ፍለጋ በኋላ፣ ይኸው! ሃያ ምናምን ዓመት ሙሉ ሆድ ውስጥ ክብ ነገር ሲመታ ባየች ቁጥር የምታደርገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እጇም አፏም ሌላ አልተማሩም። እጇ ስክሪኑን አዞረ። አፏ ተከፈተ።

«እንኳን ደስ ያለዎት!»

አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ። ራሳቸው የተመለጠው ሽማግሌ ፊታቸው እንደ ፋኖስ በርቶ «አሜን!» አሉ።

እሷ ክው አለች። የተናገረችው ነገር ገና ጆሮዋ ውስጥ እያቃጨለ በደመ ነፍስ ለካችው። ሰባት ሴንቲ ሜትር አልፏል። አምስት ተኩል ከደረሰ ለቀዶ ሐኪም ይላካል ተብላ ተምራለች፤ ሰባትን ያየችው መጽሐፍ ላይ ብቻ ነው። ላብ አጠመቃት። ዶክተሩ የነገራት ትዝ አላት፤ ጥሪኝ፣ አብረን እንነግራቸዋለን።

«ጋሼ፣ አንድ ጊዜ… ዶክተሩን ልጥራው። ከአልጋው እንዳይነሱ፣ እሺ?»

«ጥሪው ልጄ፣ ጥሪው! እሱም ይደሰት እንጂ!»

ኮሪደሩን በሩጫ አቋረጠችው። ዶክተሩ ቅንድቧ የተተረተረባትን ሴት እየሰፋ ነው። ጆሮው ላይ ጎንበስ ብላ ሰባት አለፈ ስትለው እጁ ቆመ። የያዘውን ስፌት ቋጥሮ፣ ጓንቱን አውልቆ ተከተላት። ሲደርሱ አልጋው ባዶ ነው። ጄል የተጠረገበት ወረቀት ተጨማዶ መሬት ላይ ወድቋል።

ኮሪደሩ ላይ ያሉት ሽማግሌዎች ገና እየሳቁ ነበር። «አለፍኩ ብሎ ሁላችንንም ጨብጦን ሄደ!» አሏት በወረፋው መጀመሪያ ላይ የተቀመጡት ጡረተኛ የሚኒባስ ሹፌር፤ ተራቸው ስለነበር ሸሚዛቸውን ቀድመው ከፍተዋል። «አብሳሪዋ ራሷ እንኳን ደስ ያለህ አለችኝ፣ ከዚህ በኋላ ምን ይጠበቃል አለን። ታክሲ ይዞ ሄደ። ቁም ሣጥኑን ሊያወርድ!»

ዶክተሩ ዞር ብሎ አያት። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ በተሻለ ነበር። «እንኳን ደስ ያለዎት አልሻቸው?»

ምድር ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። የሰውየውን ቁጥር ከመዝገቡ ላይ አይታ ደወለች። ስልኩ እዚያው ክፍሏ ውስጥ፣ በሩ ጀርባ ከተሰቀለው ጃኬት ኪስ ጮኸ።

«እኔ ሆስፒታል ደውዬ አምቡላንስ ላስልክ» አለ ዶክተሩ። «ቤታቸውን የሚያውቅ አለ?»

«እኔ አውቃለሁ እንጂ!» ብለው ሹፌሩ ተነሱ። «ስንት ዓመት እሱ ሲጭን እኔ ስነዳ! መኪናዬ ደጅ ቆማለች።»

«ሂጂ!» አላት ዶክተሩ። «እኔ ቁስል ክፍት ትቼ ነው የመጣሁት። ምንም እንዳያነሱ፣ እንዳያጎነብሱ፣ እንዳያምጡ! ሩጪ!»

እግሬ አውጪኝ አለች። በነጭ ጋውኗና ክፍል ውስጥ በምታደርገው የፕላስቲክ ጫማ ሚኒባሱ ውስጥ ዘላ ገባች። ዞር ስትል ከኋላ የወረፋው ግማሽ ተሳፍሯል፤ ለሁለተኛ ጊዜ ላረጋግጥ ብለው የመጡት ዳኛም አሉበት።

«እናንተ ደግሞ ወዴት ናችሁ?»

«ታዲያ ሣጥኑን ማን ሊያወርደው ነው?» አሏት ዳኛው፤ የተጠየቁት ነገር ገርሟቸው።

ሹፌሩ ጡረታ የወጡት ከመሪ እንጂ ከፍጥነት አልነበረም። ጡሩምባቸውን ሳይለቁ፣ አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ፣ ሁለት መኪና ባንድ ጊዜ ቀድመው ሲያልፉ ዳኛው «ይሄ ከባድ የትራፊክ ጥፋት ነው!» ብለው ጮኹ፤ ወዲያውም አስከትለው «በል እንጂ፣ ምን ትንቀረፈፋለህ!» አሉ። አብሳሪዋ ውስጥ የሚንቀለቀለው ፍርሃት ብቻ አልነበረም። እንደርሳለን፣ እንደርሳለን ትላለች በልቧ። መንገዱ በቀይ መብራት ሲዘጋ ግን ሰባት ያለው ቁጥር ፊቷ ላይ ይደቀንባታል። ከልማድ የወጣች አንዲት ቃል! ሌላው ቀርቶ «ደህና ነዎት» እንኳ ብትል ኖሮ ይህን ያህል ባልፈነደቁ ነበር።

«አይዞሽ ልጄ» አሏት ሹፌሩ፣ ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳያነሱ። «እግዜር ሳይደግስ አይጣላም።»

ሰፈሩ ሲደርሱ መንገዱ ለውኃ ቧንቧ ተቆፍሮ አገኙት። ሹፌሩ መኪናዋን አፈር ክምር ላይ አፍንጫዋን አስደግፈው አቆሙና «ያ ነው፣ ግራጫው ፎቅ!» አሉ። ወርዳ ሮጠች። ቦዩን ስትዘል አንዱ ጫማዋ ወደ ውስጥ ወደቀ፤ ዞራም አላየችው። ከኋላዋ ሸሚዙን ያልቆለፈ፣ ከዘራውን ብብቱ ሥር የሸጎጠ፣ ትንፋሹ የተቆራረጠ የሽማግሌ ሠራዊት ይከተላታል። ሰፈርተኛው በየመስኮቱ ብቅ ብሎ ምን ጉድ ነው አለ።

የፎቁ ደረጃ ጠባብና ጨለም ያለ ነው። ከላይ «አባዬ፣ ቀስ!» የሚል የሴት ድምፅ ተሰማ፤ አንድ ከባድ ነገርም ግድግዳ ፋቀ። ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ወጣች።

ጋሽ ክሬን ደረጃው መታጠፊያ ላይ ነበሩ። ቁም ሣጥኑን በገመድ ጀርባቸው ላይ ጠፍረው፣ ጎንበስ ብለው፣ የአንገታቸው ሥር ተገታትሮ፣ አንድ እግራቸውን ወደ ታችኛው ደረጃ ሊያሳርፉ ነው። ልጃቸው ከላይ የሣጥኑን ጫፍ ይዛለች። የተቀጠሩት ሁለት ተሸካሚዎች ከታች ቆመው በአድናቆት ያያሉ።

«ጋሼ! ይቁሙ!»

ቀና ሲሉ አዩዋትና ፊታቸው በሳቅ ተሞላ። «ሲስተር! ልታጨበጭቢልኝ መጣሽ?»

«እግርዎን ይመልሱ። እንዳይንቀሳቀሱ። እንዳያጎነብሱ!» በዚህ ድምፅ ተናግራ አታውቅም፤ ራሷም ደነገጠች። ጋሽ ክሬን እግራቸውን መለሱ። እሷም ወደ ሰዎቹ ዞረች፤ «ሸክሙን እናንተ ተቀበሉ። እሳቸው ጣታቸውን እንኳ እንዳያነሱ!»

ተሸካሚዎቹ ከሥር ገቡ። ዳኛው በአንድ ወገን፣ ሌሎቹ ሽማግሌዎች በሌላው ወገን ተደግፈው ያዙ። ሹፌሩ ገመዱ ጋ ሲደርሱ «ይህችን ቋጠሮ ካንተ በቀር የሚፈታት እኔ ብቻ ነኝ» አሉና ባንድ ሳብ አላሏት። ሣጥኑ ከጀርባቸው ተነሳ። ሁሉም «ያዝ! ያዝ! ወደ ግድግዳው!» እያለ ይጮኻል፤ እሷ የምታየው የአንድ ሰው ፊት ብቻ ነው። ጋሽ ክሬን ቀና አሉ። ቆመዋል። በሕይወት አሉ።

ያኔ ሁሉም ዓይን እሷ ላይ ነው። ዶክተሩ አንድ ነገር ሊጨምር ነው የፈለገዎት ብላ ብትዋሽ ይቀላት ነበር፤ ለቅጽበት አስባውም ነበር።

«ጋሼ፣ ደህና አይደሉም» አለች። «ሆድዎ ውስጥ ያለው ትልቁ ደም ቅዳ ክፉኛ አብጧል። ሊፈነዳ ይችላል። አሁኑኑ ሆስፒታል መሄድ አለብዎት።»

«እንዴ! እንኳን ደስ ያለህ አላልሽኝም?»

«ብያለሁ። ለነፍሰ ጡሮች የምለው ቃል ነው፤ ልማድ ሆኖብኝ ከአፌ አመለጠኝ። ተሳስቻለሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

በሌላ ቀን ቢሆን ደረጃው በሳቅ ይፈርስ ነበር። ማንም አልሳቀም። ልጅቷ የሣጥኑን ጫፍ ለቃ ወረደች።

«አባቴን ልትገድይብኝ ነበር» አለቻት። «ይሄን ሣጥን ያሸከምኩት አንቺን አምኜ ነው! ካንቺ ቃል ተቀብዬ ነው! ጥፊልኝ ከፊቴ። ዓይንሽን ማየት አልፈልግም!»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ የልጅቷም ንዴት ልክ ነው።

«ተያት ልጄ» አሉ ጋሽ ክሬን። ግድግዳውን ተደግፈው ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ። ሳቃቸው ጠፍቷል። «እኔ እንኳ… ወገቤን ይዞኛል።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለች አብሳሪዋ።

«ከትናንት። የእርጅና ነው ብዬ ዝም አልኩ። አሁን ግን ባሰብኝ።»

ይህ ምን ማለት እንደሆነ እዚያ ደረጃ ላይ የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች። የቧንቧው ግድግዳ መላቀቅ ሲጀምር ነው እንዲህ የሚያመው። ደግነቱ የአምቡላንሱ ጩኸት ከውጭ ተሰማ። ባለሙያዎቹ በቃሬዛ ሲያወርዷቸው እሷ ወደ ጎን ልትቀር አሰበች፤ ጋሽ ክሬን ግን ያ ግዙፍ እጃቸው የጋውኗን ጫፍ ጨብጦ አልለቅም አለ።

«እሷም ትምጣ። ያየችው እሷ ናት።»

ልጅቷ ፊቷን አዙራ ገባች። አምቡላንሱ ውስጥ አንዷ በአንድ ወገን፣ አንዷ በሌላው ወገን፣ መሐላቸው ላይ ያ ትልቅ ሰው ሆነው ከነፉ። ጋሽ ክሬን አንድ ጊዜ ዓይናቸውን ገልጠው «ቀስ ንዳ በሉት፣ ዕቃው ተሰባሪ ነው» አሉ። ልጅቷ ሳቅ ሊያመልጣት ሲል አለቀሰች።

ሆስፒታሉ በዶክተሩ ስልክ ተዘጋጅቶ ጠበቃቸው። ቀዶ ሐኪሟ ቀጭን፣ ንግግሯ ፈጣን፣ እርምጃዋም ፈጣን ሴት ነበረች። እንደገና በማሽን አየችው፣ ከንፈሯን ነከሰች። ከዚያ ሁለቱንም ጉልበታቸውን ከኋላ በኩል አየች፤ የሆዱ ቧንቧ ያበጠበት ሰው ከጉልበቱ ጀርባ ያለውም አብሮ ሊያብጥ ስለሚችል ነው። የግራው ትንሽ አብጧል። «እሱ ሌላ ቀን ይደርሳል» አለች። «የዛሬው የሆዱ ነው። ቶሎ!» የቀዶ ጥገና ክፍሉ በር ተከፍቶ ዋጣቸውና ተዘጋ።

ከዚያ መጠበቅ ሆነ። ኮሪደሩ ላይ ሁለት አግዳሚ ወንበሮች ፊት ለፊት ተቀምጠዋል፤ በአንዱ ልጅቷ፣ በሌላው አብሳሪዋ፣ አንድ እግሯ ባዶ። ቆየት ብሎ ሽማግሌዎቹ እየተንጋጉ ደረሱ። ቁም ሣጥኑ አንዲት ጭረት ሳታገኘው አዲሱ ቤት ገብቷል አሉ፤ የዳኛው ጣት ብቻ በር መሐል ገብቶ አብጧል። «ይሄንን እብጠት ያለ ማሽንም ታይዋለሽ» ብለው ጣታቸውን ሲዘረጉላት ልትስቅ ሞከረች፤ አልሆነላትም። በሩ በተንኮሻኮሸ ቁጥር ሁሉም ብድግ ይላል። ማንም አይወጣም። ሁሉም ተመልሶ ይቀመጣል። እሷ ከእንግዲህ ያችን ጠባብ ክፍሌን ባልገባባትስ እያለች ታስባለች። ደግሞ ወዲያው፣ ብቻ ይትረፉልኝ፣ እኔ የትም ልጣል ትላለች። በሕይወቷ ማንንም እንዲህ አጥብቃ አልጠበቀችም።

ሹፌሩ ከልጅቷ አጠገብ ተቀምጠው ነበር። አንዴ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ጫማዋን እንኳ አልፈለገችም» አሏት፤ ሌላ ምንም አልጨመሩም። ልጅቷ የአብሳሪዋን ባዶ እግር አየችው፤ ጭቃ ደርቆበታል። ፊቷን መለሰች።

ፀሐይ ወደ መስኮቱ ስታዘቀዝቅ በሩ ተከፈተ። ቀዶ ሐኪሟ ጭምብሏን ወደ አገጯ አውርዳ ወጣች። ኮሪደሩ ሁሉ ብድግ አለ።

«ተርፈዋል» አለች።

ሽማግሌዎቹ እንደ ኳስ ተመልካች ጓ አሉ! ዳኛው ሹፌሩን አቀፉ፣ ሹፌሩ የማያውቁትን አስታማሚ አቀፉ። ነርሷ «ኧረ ሆስፒታል ነው፣ ኧረ ድምፅ!» ብትል የሚሰማት የለም። ቀዶ ሐኪሟ ራሷ እየሳቀች እጇን አነሳች። «ያበጠውን ከፍተን በሰው ሠራሽ ቧንቧ ተክተነዋል። ግድግዳው መተርተር ጀምሮ ነበር። ሌላ አንድ ነገር ቢያነሱ፣ ወይም ነገን ቢጠብቁ፣ የምንቀበለው ሬሳ ነበር። ለመሆኑ ማን ነው ያየው?»

ሁሉም ወደ አብሳሪዋ ጠቆመ። እሷ ግን መሬት መሬት ታያለች።

ትንሽ ቆይቶ ነርሷ ብቅ አለች። «አንድ ሰው ብቻ፣ ለአንድ ደቂቃ። ቤተሰብ ብቻ ነው የሚገባው።»

ልጅቷ ተነሳች። ሁለት እርምጃ ሄደችና ቆመች። ዞራ መጣችና አብሳሪዋን ክንዷን ይዛ ከወንበሩ አስነሳቻት። ጥብቅ አድርጋ ነው የያዘቻት፣ እንደ ተቆጣ ሰው።

«እሷ ትግባ» አለች።

ነርሷ ጋውኑን አየች፣ ባዶ እግሯን አየች። «ምናቸው ናት?»

«ታላቄ ናት» አለች ልጅቷ።

አብሳሪዋ ከዚያ በኋላ እንዴት እንደተራመደች አታውቀውም። ያን የመሰለ ትከሻ አልጋው ላይ ተዘርግቶ፣ አፍና አፍንጫው በቱቦ ተይዞ፣ ደረቱ ግን ከፍ ዝቅ እያለ አገኘችው። ጋሽ ክሬን ተኝተዋል። ረጅም ስለሆኑ እግራቸው ከአንሶላው ወጥቷል። ወደ ግርጌ ሄዳ ሁለት ጣቷን በቀኝ እግራቸው ላይ፣ ከአውራ ጣታቸው ከፍ ብሎ ያለውን የደም ሥር ፍለጋ አሳረፈች። መጀመሪያ አጥብቃ ስለተጫነችው ምንም አልተሰማትም። ተነፈሰች፣ ደግማ ፈለገች። ደሙ አዲሱን ቧንቧ አልፎ፣ ያን ሁሉ መንገድ ወርዶ፣ ጣቷ ሥር እየመታ ነበር። ዕንባዋ በአፍንጫዋ ላይ ወረደ፤ ደስ አላት፣ እጅግ ደስ አላት፣ አፏም ዝም አለ። ነርሷ ደቂቃው አልቋል አለች። እሷ ግን እጇን ማንሳት አቃታት፤ እግራቸው ሞቃት ነበር።